ለአገር አቀፍ የተወዳዳሪነት ፖሊሲ ከጣና ዙሪያ ምን እንምከር?

መምህሩ ከፔዳ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። በቅርቡ አንድ ኮሚቴ ውስጥ ገብተሃል ተባልሁ። ሥራችን ለአገር አቀፍ የኢኮኖሚ ተወዳዳሪነትና የፈጠራ ፖሊሲ የሚሆን ግብዓት ከጣና ዙሪያ ማዘጋጀት ነው፤ አሥር ገጽ፣ ከነማጠቃለያው። ሌሎቹ አባላት በዕድሜም በማዕረግም ስለሚበልጡኝ፣ እንደ አገሩ ወግ ብዕሩ ለታናሹ ተሰጥቷል።

ረቂቁን ጽፌአለሁ። መግቢያው ላይ የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የተወዳዳሪነት ሰንጠረዥ ኢትዮጵያ ከ141 አገሮች 126ኛ እንደነበረች፣ የዓለም ባንክ «ዱዊንግ ቢዝነስ» የተባለው የንግድ ሥራ ምቹነት መለኪያ ደግሞ በ2020 እትሙ ከ190 አገሮች 159ኛ ላይ እንዳስቀመጣት ጠቅሻለሁ። ከዚያ ስለ ደቡብ ኮሪያና ስለ ሲንጋፖር ሁለት ገጽ ተኩል አለ። በመጨረሻ ምክረ ሐሳቦቹ ይመጣሉ፦ የፈጠራ ማዕከል ይቋቋም፣ የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር ይጠናከር፣ የምርምር በጀት የአፍሪካ አገሮች ወደተስማሙበት የአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 1 በመቶ ከፍ ይበል።

ቁጭ ብዬ ሳነበው አንድም ስህተት አላገኘሁበትም፤ አንድም የሚያዝ ነገር ግን የለውም። ባሕር ዳር የሚለውን ሰርዤ ሐዋሳ ብል ወረቀቱ አይናጋም። 

እዚህ ቤት መንግሥትን በማማከር ሥራ ያለፋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁና ልጠይቅ፦ ሚኒስቴር ደርሶ በእውነት የሚነበበው ምን ዓይነት ወረቀት ነው? ደግሞስ ከአካባቢያችን አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ ብትባሉ የትኛውን ትመርጣላችሁ? ኮሚቴው ዓሣውንም፣ የዘጌን ቡናም፣ የፎገራን ሩዝም፣ ጨርቃ ጨርቁንም፣ ቱሪዝሙንም፣ ሶፍትዌሩንም ማስገባት ይፈልጋል።


እትዬ ከሽምብጥ፦

ልጄ፣ ሁሉንም ማስገባት የሚፈልግ ኮሚቴ ማንንም ማስቀየም የማይፈልግ ኮሚቴ ነው። መጀመሪያ ይህንን እወቅ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዕቅድ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፌአለሁ፣ ተቀብዬአለሁ፣ ለሌላ ወረቀት አባሪ አድርጌ መልሼ ልኬአለሁ። ወረቀትህ የሚደርሰው ሰው ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሠላሳ አለው። የመጀመሪያውን ገጽ አይቶ «ታዲያ እኔ ምን እንድወስን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን እዚያው ካላገኘ ጠርዙ ላይ «ለመረጃ ያህል» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ይመራዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚያገኘው መዝገብ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ «ይጠናከር»፣ «ይስፋፋ»፣ «ትኩረት ይሰጠው» ያልክባቸውን ቦታዎች ሁሉ በቀይ አስምርባቸውና ከጎናቸው የሚፈርመውን ኃላፊ ማዕረግ፣ ገንዘቡ የሚወጣበትን የበጀት ርዕስና የሚያልቅበትን ወር ጻፍ። መጻፍ ያልቻልኸውን ሰርዘው። አሥሩ ገጽ አራት ይሆናል፤ አትዘን።

ሁለተኛ፣ ደረጃዎቹን ከመግቢያህ አውጣቸው። «ዱዊንግ ቢዝነስን» የዓለም ባንክ ራሱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ዘግቶታል። በ2018 እና በ2020 እትሞች የአንዳንድ አገሮች መረጃ ያላግባብ ተነካክቶ ስለተገኘ ነው። የኢኮኖሚ ፎረሙም ከ2019 በኋላ ያንን ሰንጠረዥ አላወጣም። ሚኒስትሩ ይህንን የሚያውቅ አንድ ወጣት አማካሪ ካላቸው፣ ወረቀትህ ከገጽ አንድ አያልፍም። ለነገሩ መለኪያዎቹ ባይዘጉም ምክሬ አይለወጥም። ደረጃ ለማሻሻል ተብሎ የተሠራ ሥራ ቅጽ ሲያሳጥርና ማኅተም ሲቀንስ ነው ያየሁት፤ የፋብሪካውን ኪሳራ ሲቀንስ ግን አላየሁም።

ሦስተኛ፣ ስለ ውጭ አገሮቹ። ኮሪያና ሲንጋፖር ሲባል ሁሉም ሰው ፎቁን ይቀዳል። አንተ ከዚህ ለየት ያለውን አምጣ። ኔዘርላንዳዊው ኢኮኖሚስት አልበርት ዊንሴሚየስ የተባበሩት መንግሥታትን ቡድን መርቶ ሲንጋፖር የገባው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ምክሮቹ አንዱ የቅኝ ገዢውን የራፍልስን ሐውልት አታፍርሱ የሚል ነበር። የውጭ ባለሀብት ፋብሪካውን ከማምጣቱ በፊት እንግዶች እንዴት እንደሚያዙ ያያልና። ምክሩን ልብ በለው፦ ወጪ የለውም፣ የሚወስነው ሰው ይታወቃል፣ መፈጸሙና አለመፈጸሙ ከመንገድ ላይ ይታያል። ሰውየው ደግሞ ሪፖርቱን አስረክቦ አልጠፋም፤ እስከ 1984 ድረስ እየተመላለሰ የተባለው መሠራቱን አይቷል። የእኛ አማካሪ ግን የመጨረሻዋ ክፍያ ከገባችለት በኋላ ስልክም አያነሳም።

ከኮሪያ የምትወስደው ካለ ደግሞ የወሩን ስብሰባ ውሰድ። ፕሬዚዳንቱ ፓርክ ቹንግ ሂ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የወጪ ንግድ ስብሰባ በየወሩ ራሳቸው ይመሩ ነበር። ሚኒስትሮቹም ላኪዎቹም አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ላኪው ያነሳው ችግር እዚያው መልስ ይጠየቅበታል፣ በቀጣዩ ወር ደግሞ ይጣራል። አምባገነን ነበሩ፤ እርሱን አትቅዳ። ስብሰባውን ቅዳ።

አንድ የማትረሳው ነገር ልጨምርልህ፤ ወረቀት መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር ስለሚያደርግ ሕግ ስለሆነ ይመለከትሃል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቋቋመችው የምርታማነት ኮሚሽን አለ። መንግሥት አንድ ጉዳይ አጥና ብሎ ሲልክበት ረቂቁን ለሕዝብ ያወጣል፣ አስተያየት ይሰበስባል፣ የመጨረሻውን ያስረክባል። ሚኒስትሩ ያንን ሪፖርት በ25 የምክር ቤት የሥራ ቀናት ውስጥ ለፓርላማ ማቅረብ አለባቸው፤ ሕግ ነው። ወደዱትም ጠሉትም መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ አይችሉም። የአንተ ወረቀት አንድ አገር አቀፍ ምክር ብቻ መያዝ ካለበት ይህንን ይያዝ፦ ለመንግሥት የተሰጠ የኢኮኖሚ ምክር በተወሰነ ቀን ውስጥ ከነመልሱ ለሕዝብ ይውጣ።

አሁን ምርጫው። ዓሣ አልልም። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከእምቦጭ ጋር እየታገለ ነው፣ ዓሣውም በማይገባ መረብ ተመናምኗል፤ ለሐይቁ መጀመሪያ ሕክምና ያስፈልገዋል፣ ገበያ በኋላ ይደርሳል። የዘጌን ቡና እወደዋለሁ፤ በየጠዋቱ የምጠጣው እርሱን ነው። ነገር ግን አንዲት ልሳነ ምድር ለአገር ፖሊሲ ምን ያህል ትሸከማለች? ቱሪዝም ሰላም ይፈልጋል፤ ሰላም ደግሞ በእኛ አሥር ገጽ አይመጣም።

ሩዝ እላለሁ። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ ሌላ ሰብል የማይቆምበት ውኃ ያቆረ መሬት ነበር። ገበሬው ከዚያ ወዲህ በራሱ ጊዜ አስፋፍቶታል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚያው ፎገራ፣ ወረታ ከተማ ላይ ነው። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል፤ ጤፍ በተወደደ ቁጥር ፈላጊው ይበዛል። ያም ሆኖ ባሕር ዳር ያለ ሆቴል ምናሌው ላይ የሚያቀርበው ከባሕር ማዶ የመጣውን ሩዝ ነው። ከማሳው እስከ ሆቴሉ ወጥ ቤት ያለው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ መካከል ምን እንደሚበላሽ ያወቀ ሰው ስለ ተወዳዳሪነት የሚጽፈው አያጣም። እዚህ ቤት የወረታ ሰው አለ፤ እርሱ ይናገር።


ባለ መፈተጊያው፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህር፣ እኔ ምሁር አይደለሁም፤ ሩዝ ፈትጌ ነው የማድረው። የሚበላሸውን ከምንጩ ልንገርዎት።

ገበሬው አጭዶ መሬት ላይ ይከምራል፣ መሬት ላይ ይወቃል፣ መሬት ላይ ያሰጣል። ጠጠሩ የሚገባው እዚያ ነው። ሩዝ ለመፈተግ እርጥበቱ 14 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ይደቃል፤ ፀሐይ ላይ በአንዴ ቢደርቅ ደግሞ ፍሬው ውስጡን ይሰነጠቅና ማሽን ውስጥ ይሰበራል። ለዓይን ግን ሁለቱም ያው ሩዝ ናቸው። እኛ በጥርስ ነክሰን ነው የምንለካው። ጥርስ 16 እና 14ን አይለይም።

አሁን ዋናው ነገር ይኸውልዎት። ነጋዴው ያልተፈተገውን ሩዝ በኪሎ ይገዛል፤ ለደረቀውም ለረጠበውም ዋጋው አንድ ነው። ታዲያ ገበሬው ለምን ያድርቅ? ባደረቀ ቁጥር ክብደቱ ይቀንሳል፣ ገንዘቡም ይቀንሳል። እኔ ጋ የሚደርሰው ከሦስትና ከአራት ማሳ የተቀላቀለ፣ ኤክስ ጅግናውም ሌላው ዘርም አንድ ጆንያ ውስጥ የገባ ነው። የፍሬው ውፍረት ስለሚለያይ ማሽኑን ለአንዱ ባስተካክለው ሌላውን ይሰብረዋል።

ማሽኑም ራሱ አለ። በአንድ ጊዜ ልጦ የሚያነጣው አሮጌው ዓይነት ከመቶ ኪሎ ያልተፈተገ ሩዝ ከ50 እስከ 55 ኪሎ ቢሰጥ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ስባሪው ብዙ ነው። ቅርፊቱን በጎማ ሮለር ልጦ፣ ጠጠሩን ለይቶ፣ በደረጃ የሚያነጣው ከ65 እስከ 70 ይሰጣል። ልዩነቱ ከአንድ ኩንታል ከ10 ኪሎ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ታጭዶ ከመጣ በኋላ ብናኝ ሆኖ የሚቀር ነው። አዲስ ዘርና ማዳበሪያ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ግን ያንኑ 10 ኪሎ መልሶ ለማምጣት ስንት ዓመት ምርምር ይጠይቃል?

ጎማ ሮለር ደግሞ ያልቃል። አዲሱ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ለሮለር የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ማግኘት ይከብዳል፤ ከነጋዴ እጥፍ ከፍለን እንገዛለን። መብራቱን አላነሳም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማሽኑ ሙሉ ሳለ መብራት ሲሄድ ውስጡ ያለው ታፍኖ ይቀራል፤ እርሱን ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስለ ፈጠራ ማዕከል ስላነሱ አንድ ነገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማድረቂያ በመኪና መጥቶ ነበር። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ነዳጁን ማን እንደሚገዛ የተነጋገረ ስላልነበረ እንደተቆለፈ ነው። በአንጻሩ እዚሁ ሰፈር አንድ በያጅ አለ። ከጋቢና ብረትና ከአሮጌ ሞተር ጠጠር የሚለይ ወንፊት ሠርቶልኛል፤ ይሠራል። ሁለተኛ እንዲሠራ ሦስት ሰው አዞታል፤ የብረት መግዣ የለውም። ባንክ ሄዶ «ቤት አለህ?» ተባለ። የተከራየው ቤት ነው።

ቅርፊቱንም ጻፉልን። ከሩዙ አንድ አምስተኛ ያህሉ ቅርፊት ነው፤ መንገድ ዳር ተከምሮ ይቃጠላል፣ ጭሱ ለሕፃናት አይሆንም። ሌላ አገር እንፋሎት ያፈሉበታል።

በመጨረሻ እኔ የምጠይቀው ከውጭ በሚገባው ሩዝ ላይ ቀረጥ ይጨመርልን ነው። እንደዚያ ካልሆነ አንችላቸውም።


ኮድ ጸሐፊዋ፦

እኔ በሩዝ አልጣላም፤ ቤታችን እንጀራው ግማሹ እርሱ ነው። ግን «የፈጠራ ፖሊሲ» የተባለ ሰነድ ከባሕር ዳር ሄዶ ስለ ሮለር ብቻ ቢያወራ ያሳዝነኛል። ፖሊ ግቢ፣ የቀድሞው ፖሊቴክኒክ፣ በሶቪየት ኅብረት እገዛ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ይህች ከተማ ቴክኒሻን ስታወጣ ስድሳ ዓመት አልፏታል። በየዓመቱ የሚመረቁት ሶፍትዌር ሠሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ነው የሚሄዱት። እኔና ሁለት ጓደኞቼ እዚሁ ቀረን። ሥራችን የሒሳብ መዝገብ ለሱቆችና ለፋርማሲዎች መሥራት ነው። ደንበኛ አለን። የጎደለን ነገር ከበያጁ ጋር አንድ ነው፦ ባንኩ ያለ ቤት አያበድርም፤ የፈረምነው ውል በእርሱ ዓይን ወረቀት ብቻ ነው።

የሚያናድደኝ ሕጉ መኖሩ ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና ማስያዝ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ማሽንም፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ገንዘብም፣ ማሳ ላይ ያለ ሰብልም ዋስትና ሊሆን ይችላል ይላል። አዋጁን ይዤ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። በትሕትና አነበቡት፣ በትሕትና መለሱልኝ፣ ቀጥሎም የቤት ካርታ ጠየቁኝ። እትዬ፣ እርስዎ «ማን ይፈርማል?» አሉ። ተፈርሞ ያልወረደውንስ ማን ያወርደዋል?


እትዬ ከሽምብጥ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽ ከእኔ ምክር ይበልጣል፤ መምህሩ ይህንን በሁለተኛ ገጹ ይጻፈው። አዲስ አዋጅ ከመጠየቅ በፊት የወጣውን አዋጅ ቅርንጫፍ ድረስ ማውረድ ከሁሉ ርካሹ ፖሊሲ ነው። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን አትውቀሺው። ብድሩ ቢበላሽ የሚጠየቀው እርሱ ነው፤ አበድረህ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ባንኮች በተንቀሳቃሽ ዋስትና የሰጡትን ብድር በክልልና በቅርንጫፍ ለይተው በየሩብ ዓመቱ እንዲያሳውቁ፣ ብሔራዊ ባንክም ቁጥሩን ለሕዝብ እንዲያወጣ ይጠይቅ። የሚፈርመው የታወቀ ነው፣ ወጪው የሪፖርት ቅጽ ነው። ባሕር ዳር ላይ ዜሮ የሚል ቁጥር በታተመ ማግሥት ስልክ መደወል ይጀመራል። ቢሮ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል።

ከበያጁ ጋር መቀላቀልሽም ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ራሱ የውጭውን ቴክኖሎጂ መርጦ መማርንና ማላመድን ነበር መነሻው ያደረገው። በያጁ የሠራው ይህንኑ ነው። ማንም ፈጣሪ ብሎ ስላልመዘገበው በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም።

አንተ ባለ መፈተጊያው ግን፣ በቀረጡ አልስማማም። የሚገባውን ሩዝ የሚበላው ሆቴል ብቻ አይደለም። ጤፍ የራቀው የከተማ ቤተሰብ ነው፣ የተማሪ መመገቢያ ነው። ዋጋውን ብታስወድደው አንተ ያንኑ ጠጠር ያለበት ሩዝ በተሻለ ዋጋ ትሸጣለህ፤ ማሽን የምትቀይርበት ምክንያትም ያጥርሃል። በሌላ በኩል ኮሪያም ብትሆን ፋብሪካዎቿን ከልላለች። ከለላው ግን ግብ ነበረው፤ ይህን ያህል ወደ ውጭ ካልላክህ ብድሩም ፈቃዱም ይቀርብሃል ይባል ነበር። ግብና ማብቂያ ቀን የሌለው ቀረጥ ጠይቀህ ብታገኝ የመጀመሪያው ተጎጂ ልጅህ ነው፤ ያንን አሮጌ ማሽን ይወርሳል።

ከቀረጡ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ያልተፈተገ ሩዝ በእርጥበትና በንጽሕና ደረጃ ተለይቶ ይገዛ። ደረጃ ማውጣቱ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሥራ ነው፤ ገበያ ላይ ማስከበሩ የንግድ ቢሮ ነው። የእርጥበት መለኪያ በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው፤ ለወረታ ገበያና ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ማዳረስ የአንዱን ዓውደ ጥናት የውሎ አበል አያክልም። ደረቁ በልጦ የሚሸጥ ከሆነ ገበሬው ሸራ ራሱ ይገዛል፤ ማንም አያሠለጥነው። ሁለተኛ፣ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ ሲሰጡ የመፈተጊያ መለዋወጫ ከሙሉ ማሽን እኩል ይታይ። ለአዲስ ማሽን ማበረታቻ ሰጥቶ ሮለሩን መርሳት ሪባን ለሚቆርጥ ሰው ብቻ ይጠቅማል።


መምህሩ ከፔዳ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መግቢያውን ሰርዤዋለሁ። አሁን ገጽ አንድ የሚጀምረው ከመቶ ኪሎ ውስጥ በሚጠፋው ሩዝ ነው፤ ከሥሩ የእርጥበት ደረጃው፣ መለዋወጫው፣ የባንኮቹ ሪፖርት፣ የምክረ ሐሳቦች በቀን ገደብ መታተም። አራት ጉዳይ፣ እያንዳንዱ ከነፈራሚው።

የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ትናንት አይተውት «ጨርቃ ጨርቁስ? የኢንዱስትሪ ፓርኩስ? ቅር ይላቸዋል» አሉኝ። የጣሊያን ካሣ ያቋቋመው ፋብሪካ በከተማችን ታሪክ ትልቅ ቦታ እንዳለው አልክድም፤ በአባሪ ይግባ ብዬአለሁ። እርሳቸው አባሪ የሚለውን አልወደዱትም፤ ገና እየተከራከርን ነው። በተጨማሪ ኮድ ጸሐፊዋ ከሥራ አስኪያጁ ጋር የተነጋገሩትን፣ የባንኩን ስም ሳይጠቅሱ፣ በግማሽ ገጽ ቢልኩልኝ ከአዋጁ ጋር ጎን ለጎን አደርገዋለሁ።

ባለ መፈተጊያው ሆይ፣ «ከ50 እስከ 55» ያሉትን በወረታ ሚዛን ሳላረጋግጥ መጻፍ አልፈልግም። በአሮጌውና በአዲሱ ማሽን አንድ ዓይነት ሩዝ አስፈትገን መመዘን ይቻላል? ቅዳሜ እመጣለሁ።


ባለ መፈተጊያው፦

ይቻላል። ሩዙን ግን ከእኔ አይውሰዱ፤ መርጦ ሰጠን እንዳይሉዎት ከሦስት ገበሬ ራስዎ ገዝተው ይምጡ። አዲሱ ማሽን የእኔ አይደለም፣ የጎረቤቴ ነው፤ ነግሬዋለሁ፣ የመፈተጊያውን ይክፈሉት እንጂ ፈቃደኛ ነው። የእርጥበት መለኪያ ከምርምር ማዕከሉ ለምነው ይዋሱ። በጠዋት ይድረሱ፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ ለመብራቱ ዋስ አልሆንም። ስለ ቀረጡ ከእትዬ ጋር አልጨረስንም።